ጎማውን አይቼ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ

ውድ ልጄ፣ ዳኛዬ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ ባንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። ትንፋሹ ሰኞ ተጀምሮ ዛሬ ሐሙስ ነው ያለቀው፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ሁለት ቃል አቃንቶልኛል። ሦስት ይሆናል። የቀረው የእኔ ነው። በማታ ትምህርት ቤት ከክፍሉ አንደኛ ነኝ ብልሽም ውሸት አይደለም፤ በዕድሜ ማለቴ ነው።

አዎ፣ አባትሽ ፊደል ቆጥሯል። ስምንት ወር ሙሉ ከጋራዥ ስወጣ እጄን በናፍጣ እየታጠብኩ፣ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን አንቺን የምታክል ልጅ ናት። «አባባ፣ እርሳሱን እንደ ብሎን መፍቻ አይጨብጡት» ትለኛለች። «ይሄ እጅ የያዘውን ሳይፈታ አይለቅም፣ ልጄ» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጋራዡ ባለቤት ቅዳሜንና እሑድን ፈቀደልኝ። ሁለት ቀን፣ ሁለት የኮሌጅ ከተማ፤ አንቺ በሰሜን፣ ወንድምሽ በደቡብ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ መከረኝ፤ «ወደ ወንዱ ሂድ። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ሐይቅ አለ፣ እግርህን ነክረህ ትመለሳለህ። የልጅቷ ከተማ ስድስት ሰዓት ዳገት ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያራግፋል።»

«ጥርስ ላለው ነው» አልኩት።

እናትሽ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል «ዘንድሮም ወንድ ልጅህን ምረጥና ሂድ» አለች። «ልጅቷ እንደሆን ስትደውል ስላንተ መጠየቅ ካቆመች ዓመት ሊሆናት ነው።»

ሳቄ ሚስማር እንደገባበት ጎማ ተነፈሰ።

ዳኛዬ፣ ባለፈው ዓመት የሽልማትሽ ዕለት የቀረሁት ወንድምሽን መርጬ አይደለም። በስልክ የነገርሽኝን አልረሳሁም። በኮሌጃችሁ ደንብ ተሸላሚው ዝም ብሎ ይቆማል፤ የምስክር ወረቀቱን ለተሰበሰበው ሰው የሚያነብለት ወላጁ ነው። «አባዬ፣ አንተ በዚያ ድምፅህ ማይክ አያስፈልግህም» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ወረቀት በሰጠሽኝ ቁጥር «መነጽሬ ጋራዥ ቀርቷል» እልሽ ነበር። ያንን መነጽር አንድም ቀን አላየሽውም፤ አልነበረማ። የምታውቀው እናትሽ ብቻ ናት፤ እሷንም ለማንም እንዳትናገር አስምዬያታለሁ።

ሽልማቱ እሑድ ነው ብለሽኝ ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ። ሌላው ሰው ታፔላ ያነባል፤ እኔ ጎማ አነባለሁ። ወደ አንቺ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ የኋላ ግራ ጎማ ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ ጠግኜዋለሁ፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ጠባሳ ከሩቅ አውቃታለሁ። እሷን አየሁና ማንንም ሳልጠይቅ ገብቼ እንቅልፌን ለጠጥኩት። ስነቃ ፊት ለፊቴ የወንድምሽ ከተማ ሐይቅ ተዘርግቷል። ለካ አውቶቡሱ በዚያው ሳምንት መስመር ቀይሯል። ረዳቱን «የት ነው ያለነው?» ብለው፣ «ታፔላው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ፣ ፋዘር?» አለኝ።

የዚያን ከተማ መናኸሪያ ሁለቴ ዞርኩ። ወደ አንቺ የሚሄድ መኪና እስከ ሰኞ የለም ተባልኩ። ወንድምሽ ዘንድ ሄጄ «ድንገት ናፈቅከኝ» አልኩት፤ ለአንቺም ለእናትሽም ያንኑ ደገምኩት። መንገድ ሳተ ከምባል ልጅ አበላለጠ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነበር። አንቺ በስልክ «እሺ አባዬ፣ ይሁን» ብቻ አልሽ። ከአምስት ዓመትሽ ጀምሮ የቤታችን ዳኛ ነበርሽ፤ ሁለታችንንም ሳታዳምጪ የማትፈርጂ። ያን ቀን ግን እንድትሰሚው የሰጠሁሽ ሐሰት ብቻ ነበር። ወረቀቱን ማን እንዳነበበልሽ እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አፍሬያለሁ።

ስለዚህ የምመጣው ወደ አንቺ ነው። ለወንድምሽ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «ሐይቁ የትም አይሄድም፣ ሂድ» አለኝ። ቅዳሜ ማለዳ ታፔላውን አነባለሁ። ለማንኛውም ጎማውንም አያለሁ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፤ እስክሪብቶው ግን እምቢ አለኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። መኪና እስከ ሰኞ የለም ያልኩሽ ነገር። ነበረ። የሌላ መኪና ረዳት የከተማሽን ስም እየጠራ «አንድ ሰው የሞላ፣ አንድ ሰው» ይል ነበር። አንድ እግሬን መርገጫው ላይ ሰቅዬ መልሼ አወረድኩት። ከደረስኩ ወረቀቱን ትሰጪኛለሽ፤ ሰዉ ሁሉ ዝም ይላል፤ መነጽሬስ በዚያ ሰዓት የት ቀረ እላለሁ? ጎማው ያሳሳተኝ እስከ ሐይቁ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሴ ነው።

ወረቀቱን አውጥተሽ ጠብቂኝ። አዳራሽ አያስፈልግም፤ አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነብልሻለሁ። ቀስ እላለሁ፣ አታጣድፊኝ። ስምሽ ጋ ስደርስ ብቆም ፊደሉ ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ፤ እሱን ከሁሉ አስቀድሜ ነው የተማርኩት።

በአውራ ጣቱ ሳይሆን በእስክሪብቶ የፈረመው፣
አባትሽ