ጥቁር ናፍጣው ሲሰነጠቅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። የአባባ የጡብ መተኮሻ ምድጃ ግን እሳቱ ከጠፋ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው።

ሰኔ ላይ ከምትሠራበት ነዳጅ ማጣሪያ የጻፍክልኝን እንደ ልማዴ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። «ከመስከረም ጀምሮ ጥቁር ናፍጣው ይሰነጠቃል፤ ለአባባ ንገሪልኝ።» ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። እኔ ናፍጣ ነጋዴ ነኝ። በእኛ ቤት የሚሰነጠቅ ኮታ ነው፤ ለሁለት ሰው ይካፈላል ማለት ነው። ከሥሩ «ተቀናቃኝ ሊመጣብኝ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ማቃጠያውን በከሰል ልቀይረው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ምን አስቸኮለዎት? እኔ እያለሁ ናፍጣ ያጣሉ?» አልኳቸው።

መስከረም ላይ ቦቴዬ ባዶዋን ተመለሰች። ራሴ ማጣሪያው ድረስ መጣሁ። አንተን አላስጠራሁም። በር ላይ ያገኘሁት አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አስረዳኝ።

«እህቴ፣ ድፍድፉ ሲጣራ የሚወጣው ቤንዚን ለዚህ ሁሉ መኪና አይበቃም። ከሥር የሚቀረው ጥቁሩ ናፍጣ ደግሞ ረጃጅም ሰንሰለት ነው። አምስት መቶ ዲግሪ ድረስ ከጋለ ዱቄት ጋር ስናገናኘው ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፤ አጫጭሩ ቤንዚን ይሆናል። መሰንጠቅ የምንለው ይህንን ነው።»

«ለእኔስ ምን ተረፈኝ?»

«ዱቄቱ ላይ የሚለጠፍ ጥላሸት አለ። እሱንም እኛው አቃጥለን ዱቄቱን እናግልበታለን» ብሎ ሳቀ።

በዚህ አልተናደድኩም። ርካሹን ውድ የሚያደርግ ዕቃ ቢኖረኝ እኔም ለማንም አልራራም። ያንገበገበኝ «ይሰነጠቃል» የምትለው ያቺ አንዲት ቃልህ ናት። ለሥራ ባልደረባህ እንደምትጽፍ ጻፍክልኝ። ሁለት መስመር ብትጨምር ምን ይጎድልብህ ነበር?

በጋን የቀረው ናፍጣ ጥቅምት ላይ ሲያልቅ አባባ ሠራተኞቹን አሰናብተዋል። ጠዋት ጠዋት ሄደው የቀዘቀዘውን የምድጃ ግድግዳ በእጃቸው ይዳስሱታል። ትናንት፣ «ማጣሪያው ውስጥ ልጅ እያለኝ አንድ ቃል እንኳ አይተነፍስልኝም?» አሉ። ሻይ እየቀዳሁላቸው ነበር፤ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ስምህ እቤት እንዳይነሳ ብለዋል። ጽፈህ ይቅርታ ጠይቃቸው። ስትጽፍ ግን የሰኔውን ደብዳቤ አታንሳባቸው። አርጅተዋል፤ ሁለት ልጅ ባንድ ጊዜ ማጣት አይችሉም።

ፈጣሪ ከዚያ እሳት ይጠብቅህ።

ታላቅ እህትህ