ዝምታ ቆራጩ መቀስ

ሰኞ

ለሐይቅ ከተማ ሰው እንዳታወሩብኝ እንጂ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሯ» ሲለኝ አንድም ቀን «አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ምን ላድርግ፣ ደስ ይላላ! ነገሩ የመጣው ጎረቤቴ ጋሽ ይመር ለልጃቸው ኒካሕ የሰጡትን የውክልና ወረቀት ወደ ጅዳ መላክ ሲፈልጉ ነው። ሦስቱን ገጽ በስልክ አንስቼ፣ አገጣጥሜ፣ አንድ ፋይል አደረግሁላቸው። ሥራው ሁለት ቦታ መጫን ብቻ ነበር። እኔ ግን ግንባሬን ቋጥሬ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ተራቀቅሁበት።

ሚስጥሩን ለእናንተ ላውጣው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። ከባድ ፕሮግራም ሲጭኑበት እንደ ደከመ በቅሎ መንገድ ላይ ይተኛል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎቼን የምልክለት የአዲስ አበባ መጽሔት ባልደረባ ትዕግስት አዝናልኝ፣ በአንዲት ፍላሽ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሞልታ ሰጠችኝ። አንዳቸውም ከአንድ ዘፈን አይከብዱም። ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ገጽ የሚሰፋው «መርፌ»፣ ቪዲዮ የሚቆርጠው «መቀስ»፣ ፋይል የሚያሳንሰው «መጭመቂያ»። አንዷ ብቻ ምን እንደምትሠራ ስላላወቅሁ ያለ ስም ተቀምጣለች።

ዛሬ ጋሽ ይመርና ሚስታቸው እትዬ ዘሐራ ተከታትለው መጡ። ልጃቸው ሰአዳ ጅዳ ከሄደች ሰንብታለች፤ ዓርብ ኒካሗ ይታሰራል። ሙሽራው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ የአምባሰል ልጅ ነው። እዚህ ሳይተያዩ እዚያ ተገናኙ። ሹፌር ነው አሉ። እትዬ ዘሐራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቁመቱ አጠር ይላል አሉ፤ ጸባዩ ግን ወላሂ ረጅም ነው» አሉኝ።

ችግሩ ሰአዳ «የአባቴን ፊት እያየሁ ዱዓውን ሳልሰማ አላስርም» ማለቷ ነው። አልፈርድባትም። በጦርነቱ ወራት ከተማው ስልክ ተቆርጦበት ሲከርም፣ አባቷ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ነው የሰው ቤት ስታጥብ የከረመችው።

በቀጥታ በስልክ ለማስተያየት ሞከርን። ኔትወርኩ ከተመለሰ ወዲህ ገና እንዳገገመ በሽተኛ ነው፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። ጋሽ ይመር አፋቸውን እንደከፈቱ ምስሉ ደረቀ። «አባባ፣ ዓሣ መሰልክ እኮ!» የሚል የሰአዳ ሳቅ ሰማንና ተቋረጠ። የከተማው ቪዲዮ ቤት እንዳንሄድ፣ ዕቃው ተዘርፎ ገና አልተነሳም።

«እኔ ቀርጬ እልካለሁ» አልኩ። ኢንጂነር ነኛ!

ማክሰኞ

ተቀረጸ። ሐይቁ ከኋላ እንዲታይ ጋሽ ይመርን ግቢያቸው ውስጥ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አስቀመጥናቸው። ቆብ ሦስት ጊዜ ቀየሩ። እትዬ ዘሐራ «ከሥሩ አንድ የአምባሰል ዜማ ብታስገቢበትስ?» አሉኝ።

«በዱዓ ላይ ማሲንቆ? ይቺን ሴትዮ ገና ካሁኑ አማቿ አበላሻት!» አሉ ጋሽ ይመር።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ እጁን ዘረጋ። እኔም ማተቤን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ ዘረጋሁ።

«ጀሊሉ ቤትሽን ያሙቀው!» አሉ ጋሽ ይመር።

«አሚን!»

«የያዝሽው ይባረክ፣ የሄድሽበት ይቅና!»

«አሚን!»

ከዚያ «ሰአዳ…» አሉና ቆሙ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ማንም አልሳለም። ቆይተው፣ ቆይተው፣ «ያረቢ፣ አደራህን» ብለው ፊታቸውን አበሱ። ሁላችንም ዝቅ ባለ ድምፅ አሚን አልን።

ቤት ገብቼ ባየው ፋይሉ ዝሆን ነው። ለመላክ ብሞክር ገና ሳይጋመስ ቆመ። መቀሴን አወጣሁ። ለካ አንዲት «ዝምታውን ላስወግድ?» የምትል ምርጫ አለችው! እሰይ፣ ቃሉ ከደረሰ ዝምታው ምን ያደርጋል ብዬ መረጥኳት። ፋይሉ ብን ብሎ ቀለለ። በደስታ ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት፤ ኮምፒውተሩ ቦታ የለውማ። ቅርጫቱንም አራገፍኩ። ከስልኬማ ቀድሞ ተሰርዟል።

ንጹሕ ሥራ። በራሴ ኮራሁ።

ረቡዕ

ጉዴ ፈላ።

ከመላኬ በፊት እትዬ ዘሐራ ይዩት ብዬ ጠራኋቸው። ጋሽ ይመር በስክሪኑ ላይ ዱዓውን ያንጣጡታል፤ «ደሴ! ደሴ! የሞላ!» እያለ ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳት ነው የሚመስሉት። እትዬ ዘሐራ አልሳቁም።

«ይመር የት ሄደ?»

«ይኸው እያወሩ…»

«የሚያወራውንማ አየሁት። ዝም ያለው ይመር የት ሄደ?»

ቪዲዮውን አቆምኩት።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ሰው ቤቱ ሲዘረፍ እንባ አልወጣውም። ልጁን ሲሸኛት ቃል አልወጣውም። እጇን ይዞ ዝም እንዳለ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሰአዳ አባቷን የምታውቀው በዝምታው ነው። እሱን ቆርጠሽ የማን አባት ልትልኪላት ነው?»

ወደ ጋሽ ይመር ሮጥኩ። እንደገና እንቅረጽ ብዬ ለመንኩ።

«ዱዓ ድራማ ነው እንዴ የሚደገም? የዛሬን ተዪው እንጂ፣ የትናንቱ ወደ ላይ ወጥቷል። ሁለተኛ ዝም ልበል ብል ትወና ነው» አሉ። ፊቴን ሲያዩ ደግሞ አዘኑልኝ። «አብሽሪ፣ ቪዲዮውን አጠፋሽ እንጂ ዱዓውን አላጠፋሽም።»

እሳቸው እንዲህ ይበሉ እንጂ ሰአዳ አላስርም ብላለች። ነገ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረን። ለትዕግስት ደወልኩ።

«ቅርጫቱንም አራገፍሽው?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «በይ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም እንዳትጽፊ፣ ምንም እንዳትጭኚ! የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይሄድም፤ ሌላ እስኪደረብበት እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ፍላሹ ላይ ያቺ ስም የለሿ አለች አይደል? የጠፋ ፈላጊ ናት። ከፍላሹ ላይ አስነሺያት፤ ያገኘችውንም እዚያው ፍላሹ ላይ አስቀምጪው።»

ይህንንም በብዕር የምጽፈው ለዚህ ነው። መንካት ፈራሁ።

እትዬ ዘሐራ መቁጠሪያቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ስም የለሿ እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች። መጀመሪያ ያወጣችው የጠፋ ነገር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በአንድ ሠርግ ላይ እስክስታ ስወርድ የተነሳሁትን ፎቶ!

«ይቺ አንቺ ነሽ? ማሻአላህ! ወገብ ነበረሽ ለካ!»

«እትዬ፣ ዱዓውን ይቀጥሉ።»

ግማሽ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። የኔ ኮምፒውተር ባትሪ ደግሞ ለጌጥ ነው የተሰጠው። ድርግም። በዚህ መሐል የተረፈውም ጠፍቶ እንደሆነ አላውቅም። ምሳዬን አልበላሁም።

ሐሙስ

ጠዋት መብራት መጣ! ከዜሮ ጀመርን። እትዬ ዘሐራ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ደርሰዋል። ያው የእስክስታው ፎቶ ወጣ፤ ያው ስለ ወገቤ ተነገረ። ከዚያ የድሮ ጽሑፎቼ፤ ከዚያ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ አንድ ቪዲዮ። ከፈትኩት።

ጋሽ ይመር። ቆባቸው። ሐይቁ። «ሰአዳ…» አሉ፣ ቆሙም። ዝምታው ከነሙሉ ክብሩ አለ!

እትዬ ዘሐራ እልልታውን ሲያቀልጡት ጎረቤት «ማን ወለደች?» እያለ ገባ። ስም የለሿም ስም አገኘች፤ ከዛሬ ጀምሮ «ዘሐራ» ናት። የጎደለውን ያወቀች፣ የጠፋውንም ያገኘች።

አሁን ደግሞ ማቅለል። መቀሱን አነሳሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በእጄ። የቆቡ ቅየራ ይውጣ። ወንበር መጎተቱ ይውጣ። የኔ «ጋሽ ይመር፣ ቀና ይበሉ!» የሚል ጩኸት አስቀድሞ ይውጣ። ዱዓው ላይ ስደርስ መቀሱን አስቀመጥኩ። የቀረውን መጭመቂያው ጨመቀው። ሐይቁ ትንሽ ደበዘዘ።

«ግድ የለም፣ ሐይቁን ታውቀዋለች። እኔን አታደብዝዢኝ እንጂ» አሉ ጋሽ ይመር።

ኔትወርክ የሚሻልበት ጉብታ ላይ ሦስታችንም ወጣን። እትዬ ዘሐራ ስልኩን የሚገፉ ይመስል በመዳፋቸው ወደ ላይ ያነሱታል። ተጎተተ፣ ቆመ፣ ተጎተተ፤ ሄደ! ደረሰ የሚለው ምልክት መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ሆነ። አየችው ማለት ነው።

ጠበቅን። መልስ የለም። አሁንም ጠበቅን። የለም።

«ምናልባት አልከፈትላት ብሎ ይሆናል፣ ልደውል» አልኩ ጭንቅ ብሎኝ።

ጋሽ ይመር ስልኩን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። ወደ ሐይቁ እያዩ ፈገግ አሉ።

«ተዪያት። ዝም አለች አይደል? የኔ ልጅ ናት።»

እትዬ ዘሐራ ባላቸውን ትከሻቸውን መታ አደረጓቸውና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ይህን ስጽፍ እስካሁን ከጅዳ አንድ ቃል አልመጣም። ኒካሑ ነገ ነው። የሙሽራው የቁመት ጉዳይም ገና አልተጣራም። የኒካሑ ቪዲዮ ሲደርሰኝ መቀሴን ፍላሹ ውስጥ ቆልፌ፣ ዝምታውንም ቁመቱንም ሳልቆርጥ አወራችኋለሁ።