ለሞገስ፦ ስለ እንጀራ ልጆቹ ሌንሶች

ሞጌዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ከኔ ቤት እንደሚሻል አምናለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ላይ ያስቸግረኛል፤ እሱም አንተ እያለህ የጀመረ ስለሆነ በአንተ ሞት አላሳብብም።

ዛሬ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ፀሐይ ነው። እንደ ልማድህ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ሌንሶችህን አንድ በአንድ ፀሐይ አስመታኋቸው። ሰው በርበሬ ሲያሰጣ እኛ መስተዋት እናሰጣለን እያልኩ ስንት ዓመት አሾፍኩብህ! አሁን እኔው ጎንበስ ብዬ እያገላበጥኩ ነው። ሳቅብኝ፣ ይገባኛል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ልጃችን ሕይወት ትምህርቷን ጨርሳ ደሴ ሥራ ይዛለች። የፎቶ ቤቱን የፊት ክፍል ጥልፍ ለምትሸጠው ጎረቤታችን ሰጠኋት፤ ለእንግዶች የላሊበላን መስቀል የጠለፈችበትን ሻሽ ትሰቅልበታለች። ፊልም የማጥብበት ጓዳ ግን እንዳለ ነው። እሱን ለማንም አልሰጥም።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚያነበው፣ የእንጀራ ልጆችህ እነማን እንደሆኑ ልናገር። ካሜራህ የጀርመን ናት። በመስኮቷ ስታይ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ ምስል ተደራርቦ አንድ እስኪሆን የሌንሱን ቀለበት ታዞራለህ፣ ከዚያ ታነሳለህ። ሌንሱ ራሱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ ይገባል፣ ተጠምዝዞ ይወጣል። አንተ ግን ካሜራዋን የሠራው ፋብሪካ ለሠራቸው ሌንሶች ደንታ አልነበረህም። ስማቸውን ማንም የማያስታውሰው የጃፓን፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ሠሪዎች፣ ለዚያች ካሜራ እንዲስማሙ ብለው በድሮ ዘመን የሠሯቸውን ነበር የምትለቅመው። ከሌላ ቤት ተወልደው እኛ ቤት ያደጉ ናቸው እያልክ የእንጀራ ልጆች አልካቸው። አንዳንዱን ከቱሪስት በፎቶ ለወጥክ፤ አንዳንዱን አስጎብኚዎቹ በእንግዶቻቸው በኩል አስመጡልህ። አንዷን ደግሞ ኮን ከተማ ሄደህ፣ ዳዊታቸውን በሷ አጉልተው ሲያነቡ ካገኘሃቸው መሪጌታ እጅ አመጣሃት። እንዴት እጃቸው እንደገባች እሳቸውም አያውቁም። ደህና የማንበቢያ መነጽር አሠርተህ ወሰድክላቸውና ሌንሷን ከምርቃት ጋር ተቀበልክ። ስሟም "የመሪጌታዋ" ሆኖ ቀረ።

እያንዳንዱ ሌንስ ጠባይ አለው ትል ነበር። አንዱ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲያይ ይደነብራል፣ ሌላው ዳር ዳሩን ያደበዝዛል። የአንተ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ በቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ወረቀቱ የሌንሱ ክዳን ውስጥ ይገባል። እውነቱን ልንገርህ፣ ምን እንደምጽፍ አላስተውልም ነበር። እጄ አንተ ጋ፣ ልቤ እሳት ላይ የጣድኩት ወጥ ጋ ነበር።

የመሪጌታዋ በመጣች ሳምንት አሸተን ማርያም ገዳም ወጣን። እስከዚያ ቀን አንተ አንሺ፣ እኔ አጣቢ ነበርን፤ ካሜራ ይዤ አላውቅም። አንተም ሰው ስልክ ሲያወጣ ፊትህን በእጅህ የምትሸፍን፣ ያን ቀን ምን እንደታየህ እንጃ፣ ካሜራዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥለህ እስቲ አንሺኝ አልክ። ሁለቱን ሞገስ አንድ አደረግኋቸው። ሳቅህ። አነሳሁ። ሳጥበው፣ ከፊትህ የነበረው የጥድ ቅርንጫፍ ቅጠሉ እስኪቆጠር ጥርት ብሏል፤ አንተ ግን ጭጋግ ነህ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተ አምስት ጧፍ ጠረጴዛ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ደርድረህ፣ በመካከለኛው እያነጣጠርክ ሌንሷን ፈተንካት፤ ጠርቶ የወጣው ከመካከለኛው ፊት ያለው ጧፍ ሆነ። ጥፋቱ የሷ ነው፣ ያንቺ አይደለም አልከኝ። ለማጽናናት መስሎኝ አላመንኩህም። ዳግመኛም ካሜራ አልነካሁም።

ለቅሶህ ላይ የወጣው ያ ፎቶ ነው። የመታወቂያህን ብናስጎላው ፖሊስ የሚፈልገው ሰው መሰልክ። እናትህ እማማ የሺ ከብልባላ መጥተው አዩትና፣ ልጄ እንዲህ አኩርፎ አያውቅም ብለው መለሱት። ደብዛዛውን፣ የምትስቅበትን፣ ታቅፈው አለቀሱ። በመዳፋቸው ደጋግመው ይጠርጉት ነበር፤ ጭጋጉ ከመስተዋቱ መስሏቸው። ሞጌ፣ ያንን ቆሜ ሳይ የሆንኩትን መናገር አልችልም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። የአንተ የሆነ ነገር እስከ ሙት ዓመትህ አይነካም ብዬ፣ ሌንሶቹን በየቆዳ ቦርሳቸው ከትቼ፣ በጋቢህ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ማክበሬ ነበር። ክረምቱ እዚያው አለፈባቸው። ሙት ዓመትህን አውጥተን ሣጥኑን ስከፍት ቆዳው እርጥበት ጠጥቷል፤ ከአሥራ ሰባቱ አሥሩ መስተዋታቸው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አብቅለዋል። ሰኔ በገባ ቁጥር ከቆዳ እያወጣህ ክፍት መደርደሪያ ላይ የምታቆማቸው ለዚህ ነበር ለካ! ይህን ሁሉ ዓመት እያየሁ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። ይቅር በለኝ።

በዚያው ሰሞን እማማ የሺ ጠሩኝ። ፎቶ የሚሰቀለው ለሞተ ሰው ነው እያሉ አንተን ዕድሜህን ሙሉ እምቢ ያሉህ ሴትዮ፣ "እኔስ ለልጅ ልጆቼ እንዲያ ጉም ሆኜ አልቀርም፤ በይ ልጄ፣ በሱ ካሜራ አንሽኝ" አሉ። ሕይወት በስልኬ ላንሳዎ ብትል፣ "ስልክሽን ያዥ፤ በልጄ ካሜራ ነው ያልኩ" ብለው አፏን አስያዟት።

ፈራሁ። አንተን አደብዝዣለሁ፤ እናትህን ደግሞ ባደበዝዝ ምን ፊት ይኖረኛል? እሳቸውም ደክመዋል፣ ከርሞ ይገኙ አይገኙ አይታወቅም። ፊልም የቀረችኝ አንዲት ጥቅል ናት። ከሻጋታው ከዳኑት ሌንሶች ደግሞ ለሰው ፊት የምትሆነው የመሪጌታዋ ብቻ ሆነች። ከሁሉም እሷ!

ብልባላ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጫቸው ክዳኗን ስከፍት ወረቀቷ ወደቀች። የገዛ ጽሕፈቴ ነው፦ "ቅርብ ትወዳለች። አንድ ካደረግሽ በኋላ አራት ጣት ጠጋ።" ሳላስተውል የጻፍኩትን ያን ቀን አስተውዬ አነበብኩት፤ ድምፅህ ጆሮዬ ሥር ነበር። እውነትህን ነበር እኮ! ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ አልነበረም።

ሁለቱን እማማ የሺን አንድ አደረግኋቸው። ትንፋሼን ይዤ አራት ጣት ጠጋ አልኩ። በመስኮቱ እንደገና ሁለት ሆኑ። እጄ ቀለበቱን ሊያዞር ቃጣው፤ ከለከልኩት። ዓይኔን ትቼ አንተን አምኜ አነሳሁ።

ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ሲቀረው እማማ የሺ ብድግ አሉ። "ነይ እዚህ ቁጭ በይ፤ አንቺንስ ማን ያነሳሻል?" ብለው ለካሜራዋ እጃቸውን ዘረጉ። ቀለበቱን እኔ አስተካክዬ ነበር የሰጠኋቸው፤ እሳቸው ግን ገልብጠው በሌንሷ በኩል ሊያዩኝ ሞከሩ። ሳቄ አመለጠኝ። አዙሬ አስያዝኳቸውና ገና ስቀመጥ ቀጭ አደረጉት።

መብራት በነበረ ቀን ጓዳውን አጨልሜ አጠብኩ፣ ወረቀት ላይም አወጣሁ። እማማ የሺ ብቅ አሉ፤ የግንባራቸው መስመር፣ የማተባቸው ክር፣ ቆጣ ያለው ዓይናቸው፣ ሁሉም ጥርት! ብቻዬን እልል አልኩ። ወስጄ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። በመዳፋቸው አልጠረጉትም። "እኔው ነኝ፤ እሱ ያስተማረው እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። ምንም የማላስተውል መስዬ ሳለሁ ሁሉን ስለነገርከኝ፣ ስነጫነጭ ታግሰህ ስላስጻፍከኝ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ስላልከኝ አመሰግንሃለሁ። እያለህ ማለት ነበረብኝ።

እሳቸው ያነሱኝን ፎቶ መጨረሻ ነው ያወጣሁት። ተንጋድዷል፤ ሻሼ እኩሌታው ተቆርጧል። ፊቴ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እየሳቅሁ ነው። ከሞትክ ወዲህ ስስቅ ራሴን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደንግጬ ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ የረሳሁህ መሰለኝ። በማግሥቱ ደፍሬ ገለበጥኩት፣ ደህና አድርጌም አየሁት። የረሳ ሰው ፊት አይደለም።

አልረሳህም፣ ሞጌዬ። እስካሁን እያለቀስኩ አስታወስኩህ። ከእንግዲህ እየሳቅሁም አስታውስሃለሁ።

ያንተው ጥሩወርቅ