ደህና ነው አልኳት

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። አራተኛ ፎቅ በእግር... ጉልበቴ አለቀ። ስገባ አዲሷ ልጅ፣ "ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" አለችኝ። ጋሼ! ገና ሃምሳ አልሞላኝም።

ቢሮው ሁሉ "ጎበዟ" ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሥራ አስኪያጁ ነው። ለእኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ምን አወጣልኝ? የክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ነው፤ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ ሳትጨርስ ስሟ ይነሣል።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ሥራ አስኪያጁ የውኃ ማከፋፈያውን ፕሮግራም ለእሷ ሰጣት። የፍጆታው ቁጥሮች በሦስት ዘንግ ነው የተደረደሩት፦ ሰፈር፣ ቀን፣ ሰዓት። ፓምፖቹን የሚያዘው ፕሮግራም ደግሞ ሰዓቱን ከፊት ይፈልጋል። ዘንጎቹን ማዞር ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ሰፈርና ሰዓት ሳይለቅ። የአንድ መስመር ሥራ... ሰው የሚወድቀውም እዚችው መስመር ላይ ነው።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ወደቀች።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ሰኞ ለመሐንዲሶቹ ስለምታቀርበው አንዴ ይዩልኝ ብላ ለመነችኝ። አየሁ። ዘንጎቹን አላዞረችም፤ ቁጥሮቹን እንደተሰለፉ አዲስ ቅርጽ ውስጥ ከትታቸዋለች። ቁምሳጥን ማዞር ሌላ፣ ዕቃውን ዘርግፎ እንደመጣ መክተት ሌላ። መሳቢያው አልጎደለም፣ ዕቃውም አልጎደለም፣ ካልሲው ግን ከሰሃኑ ጋር ነው። ኮምፒውተሩ እንደሆነ ቅርጹ ከገጠመለት ስሞታ የለውም። የአንዱ ሰፈር እኩለ ቀን ለሌላው ሰፈር ሌሊት ሆኗል...

ጣቴ መስመሯ ላይ ቆመ።

"ስህተት አለው?"

"ደህና ነው" አልኳት።

ደጋግማ አመሰገነችኝ። ደስ አለኝ። ምን ያስዋሸኛል፣ በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ለሚስቴ ነገርኳት። ልጅቷ ምን አድርጋህ ነው አለችኝ። ምንም። ታዲያ? ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብዬ ተቆጣኋት።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

አዳራሹ ሞልቷል። ጎበዟ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ አዲስ ሳይሆን አይቀርም። ጨርሳ ሲጨበጨብላት እጄን አወጣሁ። የሆስፒታሉን ሰፈር፣ ሰኞ እኩለ ቀን፣ ከመዞሩ በፊትና በኋላ አሳዪን አልኳት። ከፈተች። በፊት ከሁሉም የበለጠ ፍጆታ፣ በኋላ ባዶ ማለት ይቻላል። በእሷ ድልድል ሆስፒታሉ ቀን ቀን ጠብታ አይደርሰውም።

አንዱ መሐንዲስ ሳቀ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። እሷ ሁለቱን ቁጥሮች መላልሳ ታያለች። አሁን "ጋሼ አይተውት ነበር" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ፦ ለእኔ ያሳየችኝ ሌላ ፋይል ነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ለማንም አላሳየሁም።"

ሰው እንዲህም ሞኝ ይሆናል? የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይላሉ። የኔ መድኃኒት የእሷ ውድቀት ሆነ። ስወጣ ጉልበቴን አላመመኝም።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

አሰናበቷት። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አንተ ባትኖር ጉድ ፈልቶብን ነበር አለኝ። ጸሐፊዋ ደግሞ የልጅቷ እናት የምትተዳደረው በእሷ ደመወዝ ነው እያለች ታለቅሳለች። ለእኔ ምን ያስነግራታል?

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ኃላፊ ከሆንኩ ሳምንት አለፈኝ። በመስታወት የተከለለ ክፍል፣ የሚሽከረከር ወንበር። ሰሞኑን ማንም ሥራውን እዩልኝ ብሎ አያመጣም። ፈርተውኝ ነው ብዬ ነበር።

ዛሬ የሥራ ልምድ ወረቀቷን ልትወስድ መጥታ ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። ለወጉ ያህል ሥራ አገኘሽ ወይ አልኳት። አላገኘችም። ላልፍ ስል፦

"አዳራሹ ውስጥ ቁጥሩን ሳየው ያን ቀን ጣትህ መስመሬ ላይ ለምን እንደቆመ ገባኝ" አለችኝ። ጋሼ የለ፣ አንቱታ የለ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። እስኪያባርሩኝ ድረስ ጠበቅኩህ።"

ጥላኝ ወረደች። እኔም ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማፈር ነበረብኝ መሰለኝ... ነበረብኝ። ግን ከሥራ እስክወጣ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለማን ለማን ነግራ ይሆን?