የመጨረሻዋ ብሎን

ውድ ምስጤ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ያ የሠራሽው የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ስልኬ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ለጥፎብኝ አላነሣም ብሏል። ጠዋት ስነሣ አለች፣ ምሳ ስበላ አለች፣ መነጽሬን አውልቄ ባያትም አለች። በአውራ ጣቴ ፈተግኳት፤ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኳት። አክስትሽ «ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ በመላጊያ ልትልገው ነው?» ብላ ስልኩን ነጠቀችኝ። ሰው የወንድሙን ልጅ የሚያሳድገው ለዚህ ነው?

አውቃለሁ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ አስተያየት መስጫ አለ። እዚያማ ጽፌ ነበር። «ይህን የሠራ ሰው መዶሻ ይዞ አያውቅም» ብዬ፣ ስሜን ደብቄ፣ «የተማረረ ደንበኛ» ብዬ ፈርሜ ላክሁ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መልስ መጣ፦ «ውድ የተማረሩ ደንበኛ፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። አክስቴን ሳሙልኝ።» አክስትሽ ይህን ለሰው ሁሉ ስታወራ ነው የሰነበተችው። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ቅሬታዬ በወረቀት ነው።

እሺ፣ ቀልዱን ላቁመው። ትናንት ደውለሽ ለአክስትሽ ያልሻትን ነግራኛለች። በመጨረሻው ማሻሻያ ያስገባሽው ደንብ፣ ያ «ሥራውን ያዘዘው ሰው መጥቶ አይቶ ካልተቀበለ፣ ሥራው ተጠናቋል አይባልም» የሚለው፣ ተጠቃሚዎችሽን አስቆጥቷል። «እኛ ጨርሰን ማንን ነው የምንጠብቀው?» ይላሉ። አንዱማ «ይህን ያሰበ ሰው በሕይወቱ ሥራ ሠርቶ አያውቅም» ብሎ ጽፎልሻል አሉ። (እኔ አይደለሁም። የእኔ ስለ መዶሻው ብቻ ነው።) እና ሰኞ በሚወጣው ማሻሻያ ደንቡን ነቅለሽ ልትጥይው ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ለሰው ሰጥተሽ ተቀጥረሽ ልትሠሪ። «ይህ ሥራ ከመጀመሪያውም አልገባኝም ነበር» አልሽ አለችኝ።

ምስጤ፣ ሰኞ ሳይደርስ የምነግርሽ አለ።

ጎረቤታችንን፣ ጡረታ የወጡትን አዋላጅ ታውቂያቸዋለሽ። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። የመኝታ ቤታቸው በር ይስፋልኝ ብለው አዘዙን። እሳቸው እህታቸው ቤት ሰነበቱ፤ እኛ ለካን፣ ቆረጥን፣ ላግን፣ ቫርኒሽ ቀባን፣ ገጠምን። የኛን ቀለም ቀቢ ታውቂው የለ? ሥራ አለቀ ሲባል መጀመሪያ የሚያነሣው ጃኬቱን ነው። ስልኩን አወጣና «ተጠናቋል» የሚለውን ተጫነ። ፕሮግራምሽ እምቢ አለ። «ሥራውን ያዘዘው ሰው አይቶታል?» ይላል።

«አለቃ» አለኝ፣ «ይቺ የወንድምህ ልጅ ጠላት አላት?»

«አሁን አንድ ጨምራለች» አልኩት።

እኔንም ከንክኖኛል። በር ስገጥም ጸጉሬ ሸብቷል፤ አሁን ስልክ ያስተምረኝ? ግን ምን ይደረጋል፣ እትዬን አስጠራናቸው። ወንበራቸውን እየገፉ መጡ። በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ውይ! ሲያምር!»

ቀለም ቀቢው የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ። እትዬ ከፈቱ፣ ገቡ። ከዚያ ወንበራቸውን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ገፉት።

«ምነው እትዬ?»

«መግባቱንስ ገባሁ። ልዝጋው ብል እጄ አይደርስም» አሉ። ዞር ብለው ወደ ኋላ ቢንጠራሩ እጀታው ሩቅ ነው። «ይህን ያህል ሰው ወደዚህ ዓለም ሳስገባ የኖርኩ ሴት፣ ልብሴን ለመቀየር በር ዝጉልኝ ብዬ ልለምን?»

እየሳቁ ነው ያሉት። ዓይናቸው ግን አልሳቀም። እኛ የለካነው ወንበራቸውን ነበር፤ ክንዳቸውን የለካ አልነበረም።

ቀለም ቀቢው ጃኬቱን አወለቀ። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር አግድም የሚሄድ ረጅም መያዣ ሠራንላቸው። ገቡ፣ ሳብ አደረጉት፣ በሩ ተዘጋ። እኛ ውጭ ቀረን። ትንሽ ቆይተው ከውስጥ «እስኪ አንኳኩ!» አሉ። አንኳኳን።

«ማነው?»

«እኛ ነን፣ እትዬ።»

«ቆዩ፣ አሁን አትገቡም!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ከታመሙ ወዲህ ሁሉም ሰው ዘው እያለ ሲገባባቸው ነበር የከረመው፤ «ማነው» ማለት ናፍቋቸው ነበር። ቀለም ቀቢው ፊቱን አዙሮ ቫርኒሹን የሚመረምር መሰለ። ቫርኒሹ ምንም አልሆነም።

ታዲያ መያዣውን ስገጥም፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ አንዲት ብሎን አስቀርቼ ነበር። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። እሳቸው ሲያጠብቋት እያየሁ ቆሜ፣ ድንገት አባትሽ መጣብኝ።

ጋሼ በር ሲገጥም ሁልጊዜ አንዲት ብሎን ያስቀር ነበር። ባለቤቱ ይምጣ፣ ይክፈት፣ ይዝጋ፣ ካልተመቸው ይናገር፤ ከተመቸው ብሎኗን በገዛ እጁ ያጥብቅ። «እስከዚያ ድረስ የእኔ ነው፤ ገና አልሰጠሁትም» ይል ነበር። ደንበኛው ይነጫነጫል፣ እኔ ከጀርባው እስቃለሁ፣ እሱ ብሎኗን በከንፈሩ ይዞ ይጠብቃል። አንቺ ያን ጊዜ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀምጠሽ ያገኘሽውን እንጨት ሁሉ እየበሳሽ ይህን ስምሽን ታተርፊያለሽ። ከመብሳት ሌላ የምታይው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ ሁሉንም ታዪ ነበር። እሱ ሲሄድ ያቺ ብሎን አብራው የሄደች መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ማንም በማይጠረጥረው ቦታ፣ ስልክ ውስጥ፣ አስቀምጠሻት ኖሯል።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ስለ ሶፍትዌር የማውቀው የለም። ሰው ማድነቅም አልለመደብኝም፤ ሳደንቅ አክስትሽ ግንባሬን ትዳስሳለች። ትዳስሰኝ። ኮርቼብሻለሁ። ያ ሰውዬ «ይህን ያሰበ ሥራ ሠርቶ አያውቅም» ላለው፣ ያሰበው ሰው ሥራ ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው በይልኝ።

እንደ ተጠቃሚ አስተያየቴ ይኸው፦ ደንቡን አትንቀይው። አጠያየቁን አለስልሽው፣ የጣቢያ ፖሊስ ይመስላል። ደግሞ ጥያቄው መጨረሻ ላይ ብቻ አይምጣ፣ መሐል ላይም ይምጣ። ይሄኛው የቀለም ቀቢው ሐሳብ ነው፤ ጃኬት ለብሶ ማውለቅ ያናድደዋል።

ያቺን ቀይ ነጥብ ደግሞ አክስትሽ ከፍታ አሳየችኝ። የአንቺ በር ናት። ለአዲሱ ቢሮሽ ያዘዝሽኝ በር ካለቀ ሰንብቷል። ከነመቃኑ ወርክሾፑ መሐል ቆሟል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የትም አያስገባም። ስልኬ በየጠዋቱ «ያዘዘው ሰው አላየውም» ይለኛል። ቀለም ቀቢው «እንላክላትና እንገላገል» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። አንዲት ብሎን አስቀርቻለሁ። ሰኞ ደንቡን ከነቀልሽው ነጥቧ በራሷ ትጠፋለች፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ እንድትጠፋ አልፈልግም። ስንጨቃጨቅ ለምጃታለሁ።

ቆይ፣ ሰው መጣ። በራችን ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ የሚያንኳኳ ማን ይሆን? ቀለም ቀቢው ቀና ሳይል «ማነው?» ብሎ ጮኸ።

«የተማረረች ደንበኛ!» አለች አንዲት ሴት።

ምስጤ፣ ቴምብሩ ተርፎልኛል። ካቻቢቴውን ፈልጌ መጣሁ።

አጎትሽ