ይቅር ይበሉት፤ ግን አይጥሩት

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባየ? ጉልበትዎን ቁርጥማቱ ተወዎት? ብርዱ ሲገባ ያስልዎት ነበር፤ ዘንድሮስ እንዴት ነዎት? ከብቱስ ደህና ነው? በርበሬውስ ሳይበላሽ ደረሰልዎት? እኔ በጤናየ ደህና ነኝ፤ በልቤም ደህና ነኝ ብየ ግን አልዋሽዎትም።

ይህን የምታነብልዎት እህቴ ትሕትና ናት። ትሕትናየ፣ አደራሽን፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። አባየ፣ በስልክ ልነግርዎት ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ የባምላኩን ስም ሳነሳ ስልኩን ለትሕትና ሰጥተው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ውሾን ያነሳ ውሾ ብለው ነገሩን ዘግተውታል። እንግዲያው ውሾዋ እኔ ልሁን፤ ባምላኩ እኔ ዘንድ ነው ያለው።

የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ጎንደር ድረስ እንዴት እንደደረሰ እሱም በቅጡ አያውቀውም። በሬን ሲያንኳኳ ለማኝ መስሎኝ እግዜር ይስጥህ ብየ ልመልሰው ነበር፤ ያምሮት ብሎ ሲጠራኝ በድምፁ አወቅሁት። የገዛ ታናሽ ወንድሜን በመልኩ አላወቅሁትም።

ጥፋቱን ልሸፍንለት አይደለም። ለእማየ ሙት ዓመት ያስቀመጡትን ጤፍ አውጥቶ ሸጦ ለዚያ ለለመደው ክኒን አውሎታል፤ ስሰማ እኔም አንጀቴ አርሯል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጄ አይደለህም፣ በልተህ አትጥገብ ብለው ሲረግሙትም፣ ብኖር ኖሮ አልከራከርዎትም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያየሁት ነገር አለና ይስሙኝ።

እርስዎ አይጥ ለማየት ጎንደር ድረስ ምን አስኬደሽ እያሉ የሚስቁበት ትምህርቴ፣ መድኃኒት አንጎልን ምን እንደሚያደርገው ማጥናት ነው። በሰው የማይሞከረውን በነጫጭ አይጦች እንሞክረዋለን። አንጎል ውስጥ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚያዘጋጀውን የህመም ማስታገሻ የሚቀበል ቦታ አለ፤ ተቀባይ እንለዋለን። ባምላኩ የሚውጠው ትራማዶል ያንን ማስታገሻ መስሎ ይገባል። ዳልቻዋ ላማችን ጥጃዋ የሞተባት ጊዜ፣ ቆዳውን ጭድ ሞልተው አጠገቧ ቢያቆሙላት እየላሰች ወተቷን እንደሰጠች ያስታውሳሉ? ልክ እንደዚያ ነው። ተቀባዩ የራሱ መስሎት ያስገባዋል፤ ከለመደው በኋላ ደግሞ ያለ እሱ እሺ አይልም። ላሟን ተታለልሽ ብለን አልመታናትም።

አንዱን አይጥ ግድግዳው ዥንጉርጉር የሆነ ሳጥን ውስጥ እያስገባን እንዲህ ያለውን መድኃኒት ስንወጋው ሰነበትን። ከዚያ መድኃኒቱን አቆምንና ወደ ሌላ ቤት ወሰድነው። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ምግብም ተወ፤ ኋላ ግን በላ፣ ጠጣ፣ ፀጉሩም አማረ። በቃ ረስቶታል አልን። ከብዙ ሳምንት በኋላ ወደ ዥንጉርጉሩ ሳጥን ብንመልሰው፣ በቀጥታ መርፌውን ወደለመደበት ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። ምንም አልሰጠነውም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መምህሬ ይመዘግባል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ያን አይጥ ማን ረገመው አባየ?

ባምላኩም ክኒኑን ለመተው ከገባበት ጠበል ሲመለስ ድኖ ነበር፤ አልዋሸዎትም። አጨዳውን ከእርስዎ ጋር ጨርሶ የለም እንዴ? ጥር ላይ ግን በርበሬውን በአህያ ጭኖ ቡሬ ካለው መጋዘን እንዲያደርስ እርስዎ ላኩት። ያ መጋዘን ድሮ ጆንያ ሲሸከምበት የነበረው ነው፤ ወገቡን ሲያመው ጓደኞቹ መጀመሪያ ክኒኑን የሰጡት እዚያው ነው። እርስዎ ይህን አላወቁም፤ እኔም ብሆን አላውቅም ነበር። እሱ እንደሚለው ገና ደጃፉን ሲያይ አፉ ምራቅ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሲያደርግ ራሱን አላዘዘም።

አሁን ሐኪም ይከታተለዋል፤ መንቀጥቀጡም ትቶታል። የሚገድለው ሌላ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ትንሽ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል፤ አትጥገብ ተብያለሁ ይላል። ቤተ ክርስቲያንም ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይመለሳል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘለትን ትቷል፤ ለተረገመ ሰው ምን መድኃኒት ይሠራለታል ብሎ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩም፤ አልሆነልኝም። የአባት ቃል የሚፈታ መድኃኒት አላስተማሩኝም። ያ መድኃኒት ያለው በእርስዎ አፍ ነው።

ስለዚህ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ የንስሐ አባታችንን መምሬ አድማሴን ያስጠሩና ቃልዎን ያንሱለት። ከዚያም ደውለው በራስዎ ድምፅ ይንገሩት፤ ከእኔ ቢሰማው አያምንም።

ሁለተኛው ልመናየ ከዚህ ይከብዳል። ይቅር ካሉት በኋላ ና አይበሉት። እርስዎ ና ካሉት በእግሩም ቢሆን ይመጣል፤ መንገዱ ደግሞ በቡሬ ነው። ለበርበሬ ለቀማውም፣ ለእማየ መታሰቢያም አይጠብቁት። እስከ መቼ እንደሆነ ሐኪሙም አልነገረኝ። አንድ ወንድ ልጅዎን ይቅር ብለው ዓይኑን ሳያዩት ይክረሙ ማለቴ ጭካኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ካጠገብዎ ከሚሞት፣ ሩቅ ሆኖ ይኑርልዎ ብየ ነው።

አክስቴን ባንቺአየሁን እንደምን ሰነበቱ ይበሉልኝ፤ የላኩት ሽሮ ደርሶኛል። የመምሬ አድማሴን መስቀል ተሳልሜያለሁ። ትሕትናየ፣ ጉንጭሽን ስሜሻለሁ፤ እያነበብሽ እንዳላለቀስሽ አላምንም። ዳልቻዋንም ግንባሯን እሹልኝ።

ባምላኩ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል። የሱንም ሰላምታ ልጻፍለት ብየ ስጠይቀው፣ ልጅዎ ባምላኩ እጅ ይነሳል በይ አለኝ። ጻፍኩት። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ልጅዎ የምትለዋን አጥፊያት፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ አይገባም አለ። አጠፋኋት።

ባምላኩ እጅ ይነሳል።

ልጅዎ ያምሮት
ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.