ያልተራገፈ ጫማ

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

ቀኝ፦ ደህና። ግራ፦ ደህና። ተረከዝ ደርቋል፤ ቫዝሊን ተቀባ። በጣቶች መካከል ቅባት አይገባም፣ በፎጣ ማድረቅ ብቻ። ጥፍር ዓርብ፤ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ጥጋጥጉ አይነካም። የውስጥ እግር በመስታወት ታየ። ጉልበቴ አልታጠፍ ስለሚል መስታወቱን ወለል ላይ አስቀምጬ እግሬን ከላዩ አንሳፍፋለሁ። የሌላ ሰው እግር የማይ ነው የሚመስለኝ።

ደብተር፣ ሥራህ ይኸው ነው። ሌላ ነገር አትጠብቅ። ያዘዘችህ ሲ/ር ጫልቱ ናት፤ የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ። ባለፈው ቀጠሮ ዓይኔን አስጨፍና በቀጭን ክር መሳይ ነገር እግሬን እየነካካች፣ ሲሰማዎት አዎ ይበሉ አለችኝ። እንዳላሳፍራት አልፎ አልፎ አዎ እላለሁ። ለካ አዎ ያልኩት ሳትነካኝ ነው። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። ጋሼ እሸቱ፣ እግርዎ ከእንግዲህ አይነግርዎትም፣ በዓይንዎ ይጠይቁት አለች። በየማታው ማየት፣ መጻፍ፣ በቀጠሮ ቀን ይዞ መምጣት። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ መዝገብ አያስፈራኝም።

ይህን ሁሉ ድርቤ ታደርገው ነበር። ባለቤቴ። ሰኔ ላይ አረፈች። በየማታው እግሬን ታጥበኛለች፤ ፍቅር ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ እቀመጣለሁ። እግሬን ስትመረምር እንደነበር አልገባኝም።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ቀኝ፦ ቀላ ብሏል። ግራ፦ እንዲሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃውን በእግሬ ለካሁት። በእጄ ስነካው አቃጠለኝ፤ እግሬ ግን ዝም ብሎ ተቀምጦበታል። ቶሎ ደረስኩበት፣ አልተላጠም። ከነገ ጀምሮ በክርን። ድርቤ ሁልጊዜ እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ትነክር ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ከዲጋ፣ ከድርቤ አገር፣ ተደወለ። የዋቅጅራ ሚስት ነች። ዋቅጅራ የድርቤ ወንድም ነው፤ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ከቀብሩ ወዲህ አልተነጋገርንም። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ ለማላውቀው ሰው ለቅሶ እንኳ እንባ የማይቸግረኝ ሰውዬ፣ ለሚስቴ እንባ አጣሁ። ዋቅጅራ በድንኳኑ ሰው ሁሉ ፊት ይህ ሰው ድንጋይ ነው አለ። በኦሮምኛ ነው ያለው፣ የማይገባኝ ይመስል። ሃያ ሰባት ዓመት ነቀምቴ ኖሬ! እውነቱን ለመናገር ቅያሜም አልመጣልኝም። ድንጋይ ከሆንኩ ድንጋይ ነኝ ብዬ ቀረሁ።

እሑድ ና ትላለች። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት ማስረዳት አለበት።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ቀኝ፦ ደህና። ግራ፦ ደህና፤ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጠንካራ ቆዳ ወፍሯል። የመ/ቤት ባልደረባዬ የሱን በምላጭ እንደሚልጠው ነገረኝ፣ ምላጭም ሊሰጠኝ ነበር። ሲ/ር ምላጭ እንዳላይ ብላለች፤ ውሃ ሲያርሰው በሻካራ ድንጋይ ቀስ እያሉ። ጫማም ሲገዛ ወደ ማታ ይገዛ፣ እግር ሲውል ያብጣል ብላለች። ይሰፋል እየተባለ የሚገዛ ጠባብ ጫማ የለም። የኔ ግን ያው የቢሮው ጥቁሩ ነው፣ ከሰፋ ቆይቷል።

ገና ትናንት አለፈ። ሽንብራ ቆርጥሜ ዋልኩ።

ጥር 3፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዲጋ ሄጄ መጣሁ። በረንዳው ላይ ትናንት በቆሎ ሲፈለፍሉ ውለው ኖሮ፣ ቆረቆንዳው በአንድ በኩል ተከምሯል፣ ፍሬው ሸራ ላይ ነው፣ የተፈናጠረው በየቦታው። ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። አወለቅሁ። ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ካልሲ። (ሲ/ር ነጭ ካልሲ ብላኝ ነበር፣ ደም ቢወጣ እንዲታይ። በጥቁር ጫማ ነጭ ካልሲ? ሚዜ ነኝ እንዴ?)

ዋቅጅራ ተነስቶ ተቀበለኝ። "ኮቱ ሶዳ፣ ታኢ" አለ። ና አማቼ፣ ተቀመጥ ነው። ስሜን አልጠራም። ምሳ ተበላ። ስለ በቆሎው ተወራ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቹ። ስለ ድርቤ አንድም ቃል። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ፤ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ በሩ አዙረን ተቀመጥን። ጸለየ፣ አሜን አልኩ። እንግዲህ ታርቀናል ማለት ነው።

ችግሩ ስወጣ ነው። ሲ/ር፣ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉ፣ እጅዎን ከተው ይዳስሱ ብላለች። ጫማዬን አነሳሁ። ዋቅጅራ፣ ሚስቱና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች በረንዳው ላይ ተሰልፈው ይሸኙኛል። በዚያ ደጃፍ ጫማ ማራገፍ! ወንጌሉ ላይ አለ፣ ካልተቀበላችሁ ቤት የእግራችሁን ትቢያ አራግፋችሁ ውጡ የሚለው። ዋቅጅራ ራሱ ሲሰብክበት ሰምቻለሁ። ሰባት ወር ተኳርፈን በታረቅን ቀን ጫማ ገልብጬ ደጁ ላይ ላንኳኳ? እንዳለ አጠለቅሁት።

ዋቅጅራ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ሩቅ ነው። ከዚያ ሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ እስከ ቤት በእግር። ባጃጅ አልፈለግሁም፣ ማውራት ያበዛሉ። ደክሞኛል። ቀኝ፦ አልታየም። ግራ፦ አልታየም። ነገ።

ጥር 4፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡00

ያንኑ ጫማ አድርጌ ቢሮ ዋልኩ። ፋይል ፍለጋ ደረጃ ስወጣ ስወርድ። ማታ ካልሲው አልወልቅ አለ። በውሃ አርሼ አላቀቅሁት።

የበቆሎ ፍሬ። አንዲት። ከቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ሥር ተቀብራለች፣ ሹል ጫፏ ወደ ውስጥ። በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣኋት። ጉድጓድ ቀረ። አላመመኝም። ሁለት ቀን ሙሉ በላይዋ ሄጄባታለሁ፣ ምንም። አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት። ለምን እንዳልጣልኳት አላውቅም።

አንድ ነገር አሁን ገባኝ። ከሰው ቤት ስንወጣ ድርቤ ሁልጊዜ ከኔ ቀድማ ብድግ ትል ነበር። ሰው ስንብቱን ሳይጨርስ እሷ ውጭ ነች። ምን ያጣድፍሻል እያልኩ እቆጣት ነበር፣ በሰው ፊት። ስወጣ ጫማዬ አፍንጫው ወደ መንገድ ዞሮ ይጠብቀኛል። ታራግፈው ነበር። ማንም ሳያያት፣ እጇን እስከ ጫፉ ከታ እየዳሰሰች።

ይህን ጽፌ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ያለብኝ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጠበቅሁ። አልመጣም።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ቀኝ፦ ዙሪያው ነጥቷል፣ መሃሉ እርጥብ ነው። ግራ፦ ደህና። በጨው ውሃ አጠብኩ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ። ሲ/ር፣ ቁስል ካዩ በዚያው ቀን ይምጡ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ ብላለች። ቀጠሮዬ ጥር 20 ነው። እስከዚያ ይድናል። ሄጄስ ምን ልላት ነው? ጫማ ያላራገፍኩት አማቼን ፈርቼ ነው? አንተም ዝም በል፣ ደብተር።

ጥር 11፣ ሰኞ፣ ጥምቀት

ታቦት ተከትዬ ሄድኩ፣ መንገዱን ሙሉ። ሲ/ር ብታየኝ ትገድለኝ ነበር። ሰው ይዘምራል፣ ያጨበጭባል። መሃላቸው ነኝ፣ ግን በመስኮት በኩል የማያቸው ይመስለኛል። የሄድኩት ለማረጋገጥ ነው መሰለኝ፤ ያመኝ እንደሆነ። አላመመኝም።

ቤት ገብቼ ስፈታው ጨርቁ ሸተተ። ቀኝ፦ ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ግራ፦ ደህና።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሲ/ር ጫልቱ ዘንድ ሄድኩ። አልጮኸችም። ቆማ ታነብህ ጀመረች፣ ደብተር፤ ጥር 4 ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። በዚያው ወደ ሐኪሙ ላከችኝ። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ አይሸፋፍንም። ጣቷ ሞታለች አለ። እሷን ብቻ ከቆረጥን እግሩ ይተርፋል፣ ከቆየን እግሩን ነው የምንቆርጠው፣ ከሰኞ አይለፍ አለ። ይፈርሙ አለ። ላስብበት አልኩ። ቁስሉን ጠርገው አሰሩልኝ፣ መድኃኒት ሰጡኝ።

ሲ/ር ካርዴን ስታገላብጥ የቅርብ ተጠሪ የሚለው ላይ የድርቤን ስልክ ቁጥር አየች። ይሠራል ወይ አለች። አዎ አልኩ። ማንም አያነሳውም ብዬ ነው።

ጥር 15፣ ዓርብ

ቢሮ አልሄድኩም። አስብበታለሁ ያልኩትን አላሰብኩበትም። ጣት ይቆረጥ፣ እግር ይቆረጥ፣ ለኔ ያው ነው። ልጅ አልሰጠንም። ወዴት እሄድበታለሁ? ፍርሃት እንኳ የለኝም፤ ፈልጌ አጣሁት። ሰኞም ባልሄድስ እያልኩ ነው የዋልኩት።

የጥፍር ቀን ነው። የግራውን ቆረጥኩ። የቀኙን ተውኩት።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

ዋቅጅራ መጣ። ሳያንኳኳ ገባ። እጁ ላይ የድርቤ ስልክ፣ ያቺ መስታወቷ የተሰነጠቀችው። ከቀብሩ ጀምሮ ቻርጅ እያደረገ ይዟት ኖሯል፤ ሞቷን ያልሰማ ሰው ቢደውልላት ብሎ። ሲ/ር ትናንት ደወለች። ለድርቤ። አነሳላት።

"ማል ታቴ?" አለ። ምን ሆንክ ማለቱ ነው። ፈትቼ አሳየሁት። በምን አለ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ፍሬ ጠቆምኩት። አንስቶ አገላበጣት። የኔ ናት አለ፤ የራሱን በቆሎ መች ያጣዋል። ከዚያ ተቆጣ። ለምን ሳታራግፍ አጠለቅህ፣ እህቴ እንኳ ሁልጊዜ ታራግፍልህ አልነበረም ወይ አለ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል፣ ከኔ በቀር።

ነገርኩት። ስለ ደጃፉ፣ ስለ ትቢያው፣ ቆመው ስለሚያዩኝ ሽማግሎች። እርቃችንን የረገጥኩ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው አልኩ።

ፍሬዋን መስኮቱ ላይ መለሳት። "ዲፋማ፣ ሶዳ" አለ ቆይቶ። ይቅር በለኝ። ያኔ ድንጋይ ያልኩህ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አብሽር አልኩት። የሀገሬ ቃል ነው፣ አይዞህ እንደማለት። ድርቤ ከኔ ለምዳ ዲጋ ድረስ ይዛው ሄዳ ስለነበር ገባው።

ተነስቶ ጫማዬን አነሳ። ወደ ደጃፌ ወጣ፣ ጎረቤት እያየ። ግራውን ገልብጦ ደረጃው ላይ አንኳኳው። ቀኙን ገልብጦ አንኳኳው። ከዚያ እጁን እስከ ጫፉ ድረስ ከተተና ዓይኑን ጨፍኖ በቀስታ ዳሰሰ። አፍንጫቸውን ወደ መንገድ አዙሮ አስቀመጣቸው።

አለቀስኩ። በጩኸት ነው ያለቀስኩት፣ ድርቤ እያልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ። ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ዋቅጅራ በሩ ላይ ቆሞ፣ አዎ ሞታብናለች፣ ግቡ፣ እህቴ ሞታብናለች እያለ አስገባቸው። ተቀመጡ፣ አለቀሱልን። ማንም ለምን ዛሬ አላለም።

ደረቴን ያመኛል። ሌሎቹ ሄደዋል፣ ዋቅጅራ መደቡ ላይ ጋደም ብሏል፣ አሁንም ያመኛል። ቀኝ፦ ያው። ግራ፦ ደህና። ያየልኝ እሱ ነው።

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ሆስፒታል፣ ወረፋ። ግራ፦ ደህና። ቀኝ፦ ለመጨረሻ ጊዜ አምስት ጣት።

ፈረምኩ። ተጠሪ የሚለው ላይ ዋቅጅራ ስሙን ጻፈ፤ ዝምድና የሚለው ላይ ወንድም አለ። የስልኩን ቁጥር ግን እንዳለ ተወው፣ የድርቤን። በዚሁ ይደውሉ አለ።

ቁስሉ እስኪደርቅ ዲጋ ነኝ። ሚስቱ በረንዳውን ሦስት ጊዜ ጠረገችው አሉ። በቆሎው ጎተራ ገብቷል። ሲ/ር ጫልቱ ዋቅጅራን ጥግ ይዛ ውሃ በክርን መለካት ታሳየዋለች፤ እጅጌውን ሰብስቦ እንደ ተማሪ ይሰማታል። ሳቄ መጣ።

እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። ጽፈህ ያዝልኝ።

ተጠራሁ። ጫማ አውልቅ ይላሉ። ጫማዬን ዋቅጅራ ተቀብሎኛል፤ ስወጣ እንዲጠብቀኝ ከአሁኑ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እጁን እስከ ጫፉ ከቶ...